ከቻይና መንገድ ማዶ የተወለደች የልጅ ልጅ

ወረታ ላይ ቆሞ ወደ ምሥራቅ የሚወጣውን አስፋልት «ይህ የት ያደርሳል?» ብሎ ለጠየቀ እንግዳ፣ የከተማችን ሰው ደብረ ታቦር ከማለቱ በፊት «የቻይና መንገድ ነው» ይለዋል። ደብረ ታቦርን፣ ነፋስ መውጫንና ጋሸናን አልፎ ወልድያ የሚገባ፣ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን መንገድ ነው። ኢትዮጵያና ቻይና የዲፕሎማሲ ግንኙነት የመሠረቱት ኅዳር 15 ቀን 1963 ዓ.ም. ነበር። በዓመቱ፣ 1964 ዓ.ም. እንደገባ፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤጂንግ ሄደው ከማኦ ዜዱንግ ጋር ተገናኙ፤ መንገዱም የዚያ ወዳጅነት ፍሬ ነው። ተሠርቶ ያለቀው ግን በደርግ ጊዜ ነው።

መንገዱ ሲሠራ እኔ ተማሪ ነበርኩ። ሠራተኞቹ በካምፕ ይኖራሉ፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ልብስ ይለብሳሉ፤ መሐንዲሱ ከቀን ሠራተኛው አይለይም። የሰፈራችን ሕፃናት መኪናቸውን እየተከተሉ «ቻይና! ቻይና!» ይላሉ። ትልልቆቹ ደግሞ ቡና ላይ «እስረኞች ናቸው አሉ» ይባባላሉ። ሚስት አላመጡ፣ ልጅ አላመጡ፣ እሑድ አያርፉ፤ እስረኛ ካልሆነ ማን እንዲህ ይኖራል? ሄዶ የጠየቃቸው ግን አልነበረም። ለዓመታት አጠገባችን ኖረው የአንዱን እንኳ ስም ሳናውቅ ሄዱ።

ሩዙንም ቻይና ነው ያመጣው የሚል እስከ ዛሬ አለ። አይደለም። የፎገራን ሜዳ ሩዝ ያስለመዱት በ1970ዎቹ የመጡ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ናቸው፤ ኤክስ ጅግና የምንለው ዝርያም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ከጅግና ነው። ለእኛ ግን ከዚያ ወገን የመጣው ሁሉ ቻይና ነበር።

ይህን የማነሣው ሁለተኛው ልጄ በነፃ የትምህርት ዕድል ቻይና ሄዶ፣ ተመርቆ፣ እዚያው ሥራ ይዞ፣ የሄናን ክፍለ ሀገር ልጅ ስላገባ ነው። (ሄናን ከ1960ዎቹ ጀምሮ ለሀገራችን የሐኪሞች ቡድን ስትልክ የኖረች ክፍለ ሀገር ናት።) በ2015 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ሴት ልጅ ተወለደችላቸው። እኔም ለመውለጃዋ ቀደም ብዬ ሄጄ፣ ዠንግዡ በምትባለው ዋና ከተማቸው ከምራቴና ከእናቷ ጋር አምስት ወር ተቀመጥኩ። ዛሬ ልጁ ለትምህርት ወይም ለንግድ ቻይና የሄደበት ወላጅ በየከተማው አለ። ሲያገኙኝ ሁሉም የሚጠይቁኝ «ምን ይበላሉ?» ብለው ነው። እሱ ቀላሉ ነው።

ስለ ምግቡ አንድ ነገር ብቻ ልበልና ልለፈው። የሄናን ሰው የስንዴ ሰው ነው። ቁርሱ በእንፋሎት የበሰለ ዳቦ፣ ምሳው በእጅ የተሳበ ፓስታ መሰል ነገር ነው። ጤፍ ከሩዝ ጋር ቀላቅላ የምትጋግር የፎገራ ሴት ከምራቴ እናት የበለጠ ሩዝ ትበላለች። ውሃ የተኛበትን የሩዝ ማሳችንን በስልኬ ባሳየኋቸው ጊዜ፣ ሴትዮዋ መነጽራቸውን አድርገው ሁለቴ አዩት። «ይህ አፍሪካ ነው?» አሉ።

አሁን ወደ ከባዱ ልግባ። የምራቴ ወላጆች ጋብቻውን አንድ ዓመት ሙሉ እምቢ ብለው ነበር። ልጄ በስልክ ሲነግረኝ ምክንያቱ ቀለሙ እንደሆነ ነበር የገባው። የቀለም ነገር የለም አልልም። አሳንሰር ውስጥ ሳያስፈቅዱ ፎቶ ያነሱኝ አሉ፤ ገበያ ላይ ሹሩባዬን የዳሰሰች ሴት አለች። ይህኛው የሕፃናት «ቻይና! ቻይና!» ዓይነት ነውና ሳቅሁበት። ነገር ግን ልጄን ፊቱን ካዩ በኋላ «ቤቱ ተከራይቷል» ያሉት አከራዮችም ነበሩ፤ እሱ የሚሳቅበት አይደለም።

የወላጆቹ እምቢታ ግን ሌላ ሥር ነበረው። አንድ ማታ የምራቴ እናት በልጃቸው አስተርጓሚነት ስንት እንደወለድኩ ጠየቁኝ። አራት አልኳቸው። እሳቸው አንድ ጣት አወጡና ዝም አሉ። ቆይተው «ይህቺን አንድ ከወሰዳችሁብኝ ማን አለኝ?» አሉ። ምራቴ ይህን ስትተረጉም ድምፅዋ ተሰበረ።

ቻይና ከ1972 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ እስከ 2008 ዓ.ም. ድረስ አብዛኛው ከተሜ ከአንድ ልጅ በላይ እንዳይወልድ ትከለክል ነበር። በኋላ ሁለት ተፈቀደ፤ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ሦስት። ስለዚህ ዛሬ በ30ዎቹ ዕድሜ ያለ የከተማ ቻይናዊ ብዙ ጊዜ ወንድም የለው፣ እህት የለው። ባልና ሚስት ሁለቱም ብቸኛ ልጆች ሲሆኑ አራት ወላጅ ይጦራሉ፣ አንድ ልጅ ያሳድጋሉ። እነሱ ይህን «4-2-1» ይሉታል፤ አራት አያት፣ ሁለት ወላጅ፣ አንድ ልጅ። እንግዲህ እኔ አራት ወልጄ አንዱ ባሕር ማዶ ሲቀር የተሰማኝን አስቡና፣ አንድ ብቻ ያላት እናት ልጇ የሩቅ ሀገር ሰው ላግባ ስትላት ምን እንደሚሰማት ገምቱ። በእሳቸው ቦታ ብሆን እኔም አንድ ዓመት እምቢ እል ነበር።

ወላጅን መጦርና ማክበር በእነሱ ዘንድ «ሽያው» ይባላል። እኛ «ምርቃት» እና «ጡር» ብለን የምናስፈራራበትን ሁሉ አንድ ላይ የያዘ ቃል ነው። ከ2005 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ ተለይተው የሚኖሩ ልጆች ወላጆቻቸውን ደጋግመው እንዲጠይቁ በሕግ ጭምር ተደንግጓል። እኔ በበኩሌ በሕግ የመጣ ልጅ ቡና አፍልቼ የምቀበለው አይመስለኝም። ሕጉ የወጣበትን ምክንያት ግን አልንቅም፤ ልጆች ከገጠር ወደ ፋብሪካ ከተማ ጎርፈው፣ ብዙ ሽማግሌና ብዙ ሕፃን ገጠር ላይ ብቻቸውን ቀርተዋል። አያት የልጅ ልጁን ሲያሳድግ፣ ወላጆቹ በዓመት አንዴ በጨረቃ አዲስ ዓመታቸው፣ በእኛ በጥር ወይም በየካቲት፣ ይመጣሉ። የቻይና መንገድ ሠራተኞችም ቤት ነበራቸው ማለት ነው። ሚስት ያላመጡት ስላልነበራቸው አይደለም።

ወደ አራስ ቤቱ እንመለስ። ነርስ ነኝና ብዙ የማወራው ስለዚህ ነው።

ቻይናዎች አራስ «ዙዎ ዩዌዝ» ታድርግ ይላሉ፤ «ወሩን መቀመጥ» እንደማለት ነው። አንድ ወር ከቤት አትወጣም፤ ቀዝቃዛ ውሃ አትነካም፣ አትጠጣም፤ ነፋስ እንዳይነካት መስኮት ይዘጋል፤ በጥንቱ ሥርዓት ፀጉሯን አትታጠብም። ምግቧ እንደ ዳጉሳ የደቀቀ ቢጫ እህል ተቀቅሎ «ቀይ ስኳር» የሚሉት ያልተጣራ ስኳር የተጨመረበት ነው፤ ቀን በቀን እንቁላል፣ የዶሮ ሾርባ፣ ዝንጅብል። እኔ ይህን እያየሁ ወረታ ያለሁ መሰለኝ። ገንፎው በቅቤ፣ የአጃው አጥሚት፣ አራስ ብቻዋን አትተው ማለቱ፣ ብርድ እንዳያገኛት ራሷን መሸፈኑ፤ ስሙ ነው እንጂ የተለየው ሐሳቡ አንድ ነው። አቅም ያላቸው ደግሞ አሁን ለዚህ ብቻ በተከፈተ ማረፊያ ከፍለው ወሩን የሚቀመጡ አሉ።

ከ30 ዓመት በላይ በጤና ጣቢያ ስሠራ ከአያቶች ጋር ስከራከር ኖሬአለሁ። እንገር አይደፋ፣ ለአራስ ልጅ ቅቤ አይዋጥ፣ እንጥል አይቆረጥ እያልኩ። ያኔ የተማርኩት ነገር፣ አያትን «ያልሠለጠንሽ» ብለሽ ከጀመርሽ ልጁን በድብቅ ወስዳ ታስቆርጠዋለች። መጀመሪያ የያዘችው ደግ ነገር ይነገራታል። በቻይናዎቹም ልማድ ደጉ ይበዛል፤ አራሷ ትተኛለች፣ ትኩስ ትበላለች፣ የቤቱን ሥራ ሌላ ሰው ይሠራል፣ ጡት ለማጥባት ጊዜ ታገኛለች። የሚያሠጋው ሌላው ነው። እግር ሳያንቀሳቅሱ ወር ሙሉ መተኛት ደም ያረጋል፤ ንጽሕና ካልተጠበቀ ቁስል ያመረቅዛል፤ በሰኔ ሙቀት የታፈነ ክፍል ለእናትም ለሕፃንም አይሆንም።

የዠንግዡ ሰኔ የመተማ ዓይነት ነው። ሕፃኗ በዚያ ሙቀት በሁለት ብርድ ልብስ ተጠቅልላለች። ሁለት ቀን ዝም አልኩ፤ እንግዳ ነኝ፣ የቤቱ እመቤት ሌላ ናት። በሦስተኛው ቀን ምራቴ ተኝታ ነበር፣ አስተርጓሚም አልነበረም። የሴትዮዋን እጅ ቀስ ብዬ ያዝኩና በሕፃኗ ማጅራት ላይ አኖርኩት። በላብ ርሶ ነበር። እጃቸውን አላነሡም። ወደ እኔ አዩ፣ ወደ ልጅቷ አዩ፣ ከዚያ አንዱን ብርድ ልብስ ገለጡ። አንዱን ብቻ። ሁለተኛውን ለማስነሣት ሌላ አራት ቀን ፈጀብኝ። በለውጡም እሳቸው አንድ ነገር አስለመዱኝ፤ ከእንቅልፌ ስነሣ ፍል ውሃ መጠጣት።

የፍል ውሃው ነገር ቻይና ልጅ ያላችሁ ሁሉ ትሰሙታላችሁ። ራስ ቢያምህ ፍል ውሃ ጠጣ፣ ሆድ ቢነፋህ ፍል ውሃ፣ ብታዝን ፍል ውሃ። በየባቡር ጣቢያው የፍል ውሃ ቧንቧ አለ። የባህል ሕክምናቸው በሽታን በብዛት «ብርድ» እና «ሙቀት» ብሎ ይከፍላል። መንግሥትም ከ1940ዎቹ ጀምሮ በጤና ዘመቻዎቹ ውሃ አፍልቶ መጠጣትን ለሕዝቡ አስተምሯል። «ብርድ መታኝ» እያለ ለሚያድግ፣ ምች ሲመታው ዳማከሴ ለሚታሽ የጎንደር ሰው ይህ እንግዳ ሊሆን አይገባም።

ስለ ባህል ሕክምናቸው ካነሣሁ ወባን ሳልናገር አላልፍም። ርብና ጉማራ ሞልተው በሜዳው ከተኙ በኋላ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር የፎገራ ጤና ጣቢያ ምን እንደሚመስል አንባቢዎቼ ታውቁታላችሁ። ክሎሮኪን አልሠራ አለ፣ ፋንሲዳርም ተከተለው። በ1996 ዓ.ም. መጀመሪያ የመጣው ወረርሽኝ ሲመታን በእጃችን የነበረው መድኃኒት የደከመ ነበር፤ እናት ልጇን አዝላ መጥታ፣ መድኃኒቱን ወስዳ፣ በሳምንቱ ያንኑ ልጅ አዝላ ትመለሳለች፤ አንዳንዷም አትመለስም። በዚያው ዓመት ማብቂያ ሀገሪቱ ወደ ኮአርተም ዞረች። ትኩሳቱ በሁለትና በሦስት ቀን ሲወርድ ሳይ፣ ክኒኑ ከየት እንደመጣ የማሰብ ጊዜ አልነበረኝም።

የመጣው ከቻይና ነው፤ በክኒኑ ውስጥ ያሉት ሁለቱም ንጥረ ነገሮች የቻይና ተመራማሪዎች ያገኟቸው ናቸው። የመጀመሪያው ባለውለታ ቱ ዮዮ የምትባል ሴት ናት። በቬትናም ጦርነት ጊዜ ወታደር ከጥይት ይልቅ በወባ ሲያልቅ፣ ቻይና በ1959 ዓ.ም. በድብቅ የምርምር ሥራ ጀመረች። ቱ ዮዮ የዶክትሬት ዲግሪ አልነበራትም፣ ውጭ ሀገርም አልተማረችም። ጥንታዊ የመድኃኒት መጻሕፍት እያገላበጠች፣ ከ1,600 ዓመት በፊት ጌ ሆንግ የተባለ ሊቅ የጻፈውን አገኘች፤ ከእኛ ጭቁኝና አሪቲ ጋር የሚዛመድ ቅጠል በውሃ ተዘፍዝፎ፣ ተጨምቆ ይጠጣ ይላል። ሌሎች ቅጠሉን ሲያፈሉት ኃይሉን ያጣል። እሷ «ይዘፍዘፍ እንጂ ይፈላ አላለም» ብላ በዝቅተኛ ሙቀት አወጣችው። 191ኛው ሙከራ የተሳካው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በጥቅምት 1971 ነው፤ ንጉሣችን ቤጂንግ በነበሩበት በዚያው ወር መሆኑ ይገርመኛል። ለበሽተኛ ከመሰጠቱ በፊት እሷና ባልደረቦቿ ራሳቸው ቀመሱት። ለዚህ ሥራዋ በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ የኖቤል ሽልማት አገኘች።

ይህን ለምራቴ እናት ነገርኳቸው። ቱ ዮዮን ያውቋታል፤ የማያውቃት ቻይናዊ የለም። ያላወቁት መድኃኒቱ ፎገራ መድረሱን ነው። ምን ያህል ሕፃን አየሁ ብለው ጠየቁኝ። ቁጥሩን ማን ያውቃል አልኩ። ከዚያ ቀን በኋላ ለጎረቤት ሲያስተዋውቁኝ «ሐኪም ናት» ይላሉ፤ ነርስ ነኝ ብል የሚሰማኝ የለም።

አሁን ቤተሰባችንን ስላመሰው ስለ ስም ልናገር። ቻይናዎች የቤተሰብ ስም ያስቀድማሉ፣ የራስን ያስከትላሉ። ሴት ስታገባ እንደ እኛው ስሟን አትለውጥም። ለልጅ የአባትን ወይም የእናትን የቤተሰብ ስም መስጠት በሕጋቸው ይቻላል። ልጄና ምራቴ ተመካክረው ለሕፃኗ የእናቷን ሰጡ። ወሬው ወረታ ሲደርስ የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ተቆጡ። «አባት እያለ ያለ አባት ስም?» አሉ፤ ለልጄም ለሁለት ወር ስልክ አላነሡም። ልጄ የነገራቸው ይህን ነው፦ «አጋዬ፣ እኛ ቤት ስማችንን የሚያስጠራ ብዙ አለ። እነሱ ቤት አንዷ ናት፤ ከእሷ ጋር ያልቃል።» ሰውዬው በአንድ ጊዜ አልተዋጠላቸውም። አሁን በአማርኛ ስሟ ከአባቷ ስም ጋር እየጠሩ ይመርቋታል፤ የወረቀቱን አያነሡም።

ከስሙ የሚከብደው ዜግነቱ ነው። ቻይና ውስጥ ከአንድ ቻይናዊ ወላጅ የተወለደ ልጅ ቻይናዊ ነው፤ ሀገሪቱም ጥምር ዜግነት አትቀበልም። የእኛም አዋጅ ቁጥር 378/1996 ከወላጆቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ የሆነን ኢትዮጵያዊ ይለዋል፤ ጥምሩን ግን አይፈቅድም። እንዲህ ያለች ልጅ ለአካለ መጠን በደረሰች በአንድ ዓመት ውስጥ ሌላውን ትታ ኢትዮጵያዊነቷን እንደምትይዝ ካላሳወቀች፣ በፈቃዷ እንደተወችው ይቆጠራል። ልጆቻችሁ እዚያ ካገቡ ይህን ቀድማችሁ ተነጋገሩበት፤ ሠርግ ላይ ማንም አያነሣውም።

የዘመድ መጥሪያቸው ከእኛ ይረቅቃል። እኛ «አጎት» ብለን የምናልፈውን የአባት ታላቅ ወንድም፣ የአባት ታናሽ ወንድም፣ የእናት ወንድም ብለው ለየብቻ ስም ሰጥተውታል። የአባት እናት «ናይናይ» ናት፤ እኔ መሆኔ ነው። የእናት እናት በብዙ ቦታ «ዋይፖ» ትባላለች፤ «ዋይ» የሚለው ቃል «የውጭ» ማለት ነው። ሌሊት ሦስት ጊዜ የምትነሣው፣ ባሏን በትውልድ ከተማዋ ትታ ልጇ ቤት ጠቅልላ የገባችው እሷ፣ የውጭ አያት። አምስት ወር ተቀምጣ አውሮፕላን የምትሳፈረው ደግሞ የውስጥ። ይህን ስነግራቸው ሴትዮዋ እስኪያስላቸው ሳቁ።

ለሚሄድ ወላጅ ጥቂት ነገር ልጨምር። ሆቴል ሳይሆን ሰው ቤት የሚያርፍ እንግዳ በ24 ሰዓት ውስጥ ፖሊስ ጣቢያ መመዝገብ አለበት። ስጦታ በሁለት እጅ ስጡ፤ በፊታችሁ ባይከፍቱት አትቀየሙ። የግድግዳ ሰዓት አትውሰዱ፤ የእኛ ዘመዶች ያማረ ሰዓት ገዝተው ሊልኩ ሲሉ ልጄ ነው ያስቀራቸው፤ በቋንቋቸው «ሰዓት መስጠት» የሚለው «ቀብር ማድረስ» ከሚለው ጋር አንድ ድምፅ አለው። የመብያ እንጨታችሁን ምግብ ላይ አትትከሉ፤ ለሙት የሚጨስ ዕጣን ይመስላል። አስተናጋጃችሁ ሥጋ አንሥታ ሳህናችሁ ላይ ብታኖር ጉርሻ ነው፣ ብሉ። «ወፍረሻል» ቢሏችሁ ደግሞ እንደ ወረታው ነው።

የልጅ ልጄ ሁለት ዓመት አልፏታል። በስልክ ስታየኝ «ናይናይ» ትላለች፤ «አያቴ» የሚለውን አባቷ ሲያስጠናት ትለውና ወዲያው ትረሳዋለች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት መቁጠር ግን ይዛለች፤ ከሦስት በኋላ በቻይንኛ ትቀጥላለች። መንገዱ ሰላም ከሆነ በመጪው ጥር እስከ ባሕር ዳር በአውሮፕላን፣ ከዚያ በመኪና ወረታ ይመጣሉ፤ የምራቴ እናትም አብረው ናቸው። ስለ ሀገራችን ብዙ ይጠይቁኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። እስካሁን የጠየቁኝ ቤታችን ፔርሙዝ መኖሩን ብቻ ነው። ሁለት ገዝቻለሁ።